የኮምቦልቻ በረባሶ፦ ገልብጣችሁ ሳታዩ አትግዙ

ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይገባል፣ ሌላው በከሚሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ያመራል። ደረቅ ወደቡም፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚሁ ስላሉ ከባድ መኪና የማይቆምበት ሰዓት የለም። ከባድ መኪና በቆመበት ጎሚስታ አለ፤ ጎሚስታ ባለበት አሮጌ ጎማ ይከመራል፤ ከክምሩ አጠገብ ደግሞ ቢላውን ስሎ የተቀመጠ በረባሶ (የጎማ ጫማ) ቆራጭ አይጠፋም። የሚከተለው የአንድ ሱቅ ግምገማ አይደለም። በኮምቦልቻና በደሴ ገበያ የሚገኙትን የአሮጌ ጎማ ሥራዎች፣ ከሁሉ በፊት በረባሶውን፣ ቀጥሎም የጭነት ማሰሪያ ላስቲኩን፣ የውሃ መቅጃውንና ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) የሚመለከት ነው።

ፍርዱን ከመጀመሪያው ማስቀመጥ ይሻላል። ከክር ጎማ ተቆርጦ በደንብ የተመታ በረባሶ ለድንጋይና ለእሾህ መንገድ በገበያው ካሉት ርካሽ ጫማዎች ሁሉ ይበልጣል። ከሽቦ ጎማ የተቆረጠው ግን በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት። ችግሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ በአንድ ዋጋና በአንድ ጥቁረት መሸጣቸው ነው።

የክር ጎማ የሚባለው ገላው ከናይለን ክር ንብርብር የተሠራ፣ ክሮቹም በሰያፍ እርስ በርስ ተሻግረው የተጣበቁበት የድሮው ዓይነት ነው። ቢላ ይገባዋል። ጫፉን በፒንሳ ይዘው ሲስቡት ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ይላቀቃል፤ ምስማር ሲመታበትም ክሩ ነክሶ ይይዛል። የሽቦ ጎማ ደግሞ ራዲያል ነው። ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ መቀነት ታጥቋል፤ በከባድ መኪና ጎማ ላይ ጎኑም ሳይቀር ሽቦ ነው። ሳይቆረጥ ካገኛችሁት ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 9.00-20 ወይም 7.50-16 ተብሎ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ሰረዝ ብቻ ካለ የክር ነው። በሰረዙ ቦታ «አር» የተባለው የላቲን ፊደል ከገባ የሽቦ ነው። የመጨረሻው ቁጥር 22.5 ወይም 17.5 ከሆነ ደግሞ ያለ ካላማዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) የሚሠራ ጎማ ስለሆነ ቆራጩ ሶሉንም የውስጥ ላስቲኩንም አጥቷል ማለት ነው። አጠገቡ 14 ወይም 16 ተብሎ የሚጻፈው የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ «ባለ 16 ንብርብር ነው» የሚላችሁ ሻጭ ቁጥሩን እንጂ ጎማውን አልቆጠረም።

ጫማው ተቆርጦ ካለቀ ግን ጽሑፉ የለም። ያኔ የሚመሰክረው የሶሉ ጠርዝ ነው። ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። በእግር በኩል ነጣ ወይም ቡናማ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች በተርታ ተሰድረው መታየት አለባቸው፤ እነሱ የተቆረጡ የናይለን ክሮች ናቸው። ቢያንስ ሁለት ተርታ ካልቆጠራችሁ አትውሰዱ። ነጥቦቹ የሚያብረቀርቁ ወይም ዝገት ያነባባቸው ከሆኑ ሽቦ ነው። ሶሉ ባለቀ ቁጥር ሽቦው ጫፉን እያወጣ መጀመሪያ ካልሲ፣ ቀጥሎ ተረከዝ ይወጋል። ነጥብ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ቆራጩ ከሽቦው ለማምለጥ ከላይ ያለውን ጥርስ ብቻ ልጦ ወስዷል። እንዲህ ያለው ሶል ሲያጥፉት እሺ ስለሚል ገዢን ያታልላል፤ ምስማሩን የሚነክስ ክር ግን የለውም፣ ዳገት ላይ እግር ወደ ኋላ ሲገፋ ማሰሪያው ተነቅሎ ይቀራል። ዓይን ካልረዳችሁ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣች ትንሽ ማግኔት ትበቃለች። ምስማሮቹ እንዳያሳስቷችሁ ከማሰሪያዎቹ ራቅ ብላችሁ በሶሉ መሃል አስጠጓት።

ቀጥሎ የሚታየው ጉብጠቱ ነው። ሶል የጎማውን ክብነት ይዞ ይወጣል፤ ጥርሱ ወደ መሬት ስለሚሆንም አፍንጫውና ተረከዙ ወደ ላይ ይነሳሉ። ምን ያህል እንደሚነሳ በስሌት ይታወቃል። 27 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሶል ከ9.00-20 ጎማ ሲቆረጥ መሃሉ ከጫፎቹ ወደ 1.8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከአይሱዙ 7.50-16 ከሆነ 2.3 ገደማ፤ ከባጃጁ 4.00-8 ከሆነ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ። የመጀመሪያው በጥቂት ቀን የሰውነት ክብደት ይረጋል፣ ሁለተኛው ይቻላል፣ ሦስተኛውን አዋቂ ሰው አድርጎት ሊሄድ አይችልም፤ ለሕፃን ጫማ ብቻ ነው የሚሆነው። በረባሶውን ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡና አፍንጫውን በጣት ጫኑት። እንደ ሕፃን አልጋ ከተወዛወዘ ከትንሽ ጎማ ነው የወጣው።

አሁን ገልብጡት። ማሰሪያው በሶሉ ውስጥ የሚያልፍበት ስንጥቅ ከዳር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ወደ ጠርዝ ይቀደዳል። ጥሩ እጅ ያለው ሰው የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በመብሻ ክብ አድርጎ ይበሳቸዋል፣ ምክንያቱም ጎማ መቀደድ የሚጀምረው ከሹል ጫፍ ነው። ይህን የሚያደርግ ቆራጭ ካገኛችሁ ሌላውን አትፈትሹ፣ ከእሱ ግዙ። በእያንዳንዱ የማሰሪያ ጫፍ ሁለት ምስማር ይበቃል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ማሰሪያው በምስማሩ ዙሪያ እየዞረ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የምስማሩ ራስ በጥርሱ ቦይ ውስጥ መቀበር አለበት። ጉብ ባለው ጥርስ ላይ ከተመታ ራሱ ከድንጋይ ጋር ተፋጭቶ ያልቃል፣ ከዚያ የሚይዘው ነገር የለም። በውስጥ በኩል ደግሞ ጫፉ ታጥፎ ወደ ክሩ መግባቱን በአውራ ጣት ዳስሱ። ሶሉ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ምስማሩ 12 ብቻ ከሆነ የሚታጠፍ ጫፍ የለውም፤ 15 ወይም 16 ያስፈልገዋል።

ማሰሪያው ከጎማው ጎን ተልጦ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ነው ደንበኛ። ከዚያ ከወፈረ አይታጠፍም፣ ከቀጠነ ይለጠጣል። የማሰሪያው ጠርዝ በሰያፍ ካልተላገ በመጀመሪያው ሳምንት የእግር ጀርባን ይልጣል፤ ገዝታችሁት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ራሳችሁ ልታለዝቡት ትችላላችሁ። ዘይት አትቀቡት። አንዳንድ ሻጭ እንዲያብረቀርቅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል፤ ዘይት ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ንብርብሩም እንዲላቀቅ ያደርጋል። ሳትገዙ በፊት በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ትንሽ ጥላሸት ሁሌም ይኖራል፤ ሶፍቱ ከረጠበና ቅባት ካሳየ ግን መልሳችሁ ስቀሉት።

አለባበሱን በተመለከተ ብዙ አልልም። በደረቅ ድንጋይ ላይ የሚወዳደረው የለም፤ እሾህ አያልፈውም። ክረምት ላይ ግን ጥርሱ ያለቀ ሶል በደሴ ጭቃ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ሴራሚክ ወለል ላይማ ጭራሽ አያስተማምንም። ለዝናብ የምትፈልጉት ከሆነ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ የቀረውን ምረጡ። ከባድ ነው፤ ጥንዱ ከ600 እስከ 700 ግራም ይመዝናል። ከፕላስቲክ ሸበጥና ከኮንጎ ጋር ሲነጻጸር ሸበጡ ይቀላል፣ ይታጠባል፣ ቢበጠስ ግን ይጣላል። በረባሶ ማሰሪያው ቢነቀል አንድ ምስማርና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ይህን ጥገና ለራሳቸው ደንበኛ በነጻ የሚመቱ ቆራጮች አሉ። ሲገዙ መጠየቅ ነው።

ወደ ሥራውና ወደ ገቢው እንሂድ፣ ምክንያቱም የጫማው ጥራት የሚወሰነው እዚያ ነው። አንድ 9.00-20 የክር ጎማ ዙሪያው 3.2 ሜትር ያህል ነው፤ ጠፍጥፎ የሚሠራበት የላይኛው ፊት 20 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። በ27 በ10 ሳንቲ ሜትር ልክ ሲሰለፍ ቢበዛ 22 ሶል ያወጣል። ቢላ የሚበላውና ምስማር የወጋው ቦታ ሲቀነስ 18 ወይም 20 ይቀራል፤ ይህ 9 ወይም 10 ጥንድ ነው። ጎማው ግን ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ 10 ጥንድ ጫማ ደግሞ 7 ኪሎ ነው። ሶል ብቻ ቆርጦ ሌላውን የሚጥል ሰው የገዛውን አብዛኛውን ክፍል ጥሏል ማለት ነው። የሚያተርፈው ጎኑን የሚጠቀምበት ነው። አንዱ ጎን እንደ ቀለበት ተቆርጦ ከዳር ወደ ውስጥ በጥምዝምዝ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲሸነሸን ወደ 14 ሜትር ማሰሪያ ይሰጣል። አንድ ጥንድ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ጎን ለሰባት ጥንድ ይበቃል፣ ንብርብሩ ለሁለት ከተላቀቀ ለአሥራ አራት። ሁለተኛው ጎን ለሌላ ዕቃ ይተርፋል።

ይህ ስሌት የሰው ቁጥርም ነው። ጎኑን የሚጠቀም ቦታ ላይ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይልጣል፣ አንዱ ይመታል፣ ሴቶቹ ደግሞ ለባቲ የሰኞ ገበያ ይጭናሉ። ሶል ብቻ የሚያወጣው ቦታ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ብልሃት ትልቅ አይደለም፤ ቢላውን በየጊዜው ውሃ ማስነካት ነው። ደረቅ ቢላ በጎማ ውስጥ ይያዛል፣ እጅ ያደክማል፣ ጠርዙም ይንጓለላል። ውሃ ወይም የሳሙና ውሃ የነካው ቢላ ይንሸራተታል። ከአጠገቡ የውሃ ጣሳና ሞረድ የሌለው ቆራጭ ጫማው ጠርዝ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለ ቁራጭ ነው የሚኖረው።

በየስልጠናው «ዑደታዊ ኢኮኖሚ»፣ ማለትም ያለቀ ዕቃ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውልበት አሠራር፣ እየተባለ ሲነገር አሮጌ ጎማ ሁልጊዜ ከምሳሌዎቹ አንዱ ነው። ነገር ግን ሁሉም ጎማ ለቢላ አይደለም። ጥርሱ አልቆ ገላው ደህና የሆነ፣ ጎኑ ያልተቆረጠ፣ ሽቦው ያልታየ የከባድ መኪና ጎማ አዲስ ጥርስ ለብሶ ተመልሶ መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ነዳጅ ዘይት ለአዲስ ጎማ ከሚፈልገው ሲሶ ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ በጣም ተመራጩ ደግሞ የሽቦው ጎማ ነው፤ ለጫማ የማይረባው ማለት ነው። የክሩ ጎማ በተቃራኒው በቢላ ሥር ዋጋ አለው። አሮጌ ጎማ ከጎሚስታ የሚሰበስብ ሰው ሁለቱን ለይቶ ቢያስቀምጥ ከሁለቱም ያገኛል፤ አሁን ግን ተደባልቀው በፍሬ ይሸጣሉ፣ የሽቦውም ክፍል ያለ ዕጣው ቢላ ሥር ይገባል። ደካማ በረባሶ የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ቆራጩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ነፋሱም ወደ ሽቦው እየነፈሰ ነው። ሲኖትራኮቹ በአብዛኛው በሽቦ ጎማ ይሄዳሉ። የክር ጎማ ተስፋ የሚቀረው በአይሱዙው 7.50-16 ላይ ነው፤ እሱም በሰረዝ ፋንታ በ«አር» እየተተካ ነው። ከዚህ ጎማ በአንድ ተርታ ዘጠኝ ሶል ብቻ ስለሚወጣ ከአራት ጥንድ አያልፍም፤ ገቢውም ከትልቁ ከግማሽ በታች ይሆናል። ስለዚህ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ በዚህ ሥራ ሊገባ የሚያስብ ካለ ከማሽን በፊት አንድ ወር ጎሚስታ ዘንድ ቆሞ የሚገባውን ጎማ ቢቆጥር ይሻለዋል፤ ስንቱ ሰረዝ፣ ስንቱ «አር»፣ ስንቱ 22.5 እንደሆነ።

ከካላማዳሪ የሚሠራው ማሰሪያ ላስቲክ በበኩሉ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሻጩም ራሱ አያውቀውም። የመኪና ካላማዳሪ በብዛት ከቡቲል ጎማ ይሠራል፤ አየር አያሳልፍም፣ ፀሐይና ዝናብ ይችላል፣ ሲለጥጡት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራው ደግሞ ወዲያው ይሰበሰባል፣ ፀሐይ ላይ ግን በፍጥነት ይሰነጣጠቃል። ቁራጩን ጠቅልላችሁ መሬት ላይ ጣሉት፤ ሞቶ ከቀረ ቡቲል ነው፣ ከነጠረ የተፈጥሮ ነው። ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ ጭነት የሚነጥረው ይሻላል። ውጭ ለሚያድር ነገር፣ ለምሳሌ የሸራ ጣሪያ ለመወጠር፣ የሞተውን ምረጡ። ለአህያ ጭነት ሁለቱንም አትጠቀሙ፤ ላስቲክ ሲለጠጥ እንስሳው ሲራመድ ቆዳውን ይልጣል፣ ጠፍር ይሻለዋል።

የጉድጓድ ውሃ መቅጃው ጥሩ ሥራ ነው። ከጎማው ጎን ተቆርጦ ታጥፎ አፉ በሽቦ ይያዛል፤ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ አይሰነጠቅም። ለከብትና ለአትክልት ይዋል። ለሚጠጣ ውሃ አይሆንም፤ ጎማው ውስጥ ከዚንክ ኦክሳይድና ከዘይት ጀምሮ ብዙ ኬሚካል አለ፣ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ፓራፋንጎው ለጋሪና ለአሮጌ መኪና ያገለግላል፣ ይከብዳል፣ መያዣ ብሎኑን ያላላል፤ ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ አስገቡበት። ከጎማ የተቆረጠ የባሌስትራ (የመኪና ሞላ) ቡሽ ለጋሪ እንጂ ለመኪና አትግዙ። ለመኪና ልኩ የተጠበቀ ክብ ነው የሚያስፈልገው፤ በቢላ የተቆረጠ ክብ ደግሞ ክብ አይደለም።

ከሁሉም ያስገረመው ትንሹ ዕቃ ነው። የባጃጅ ጎማ ቸርኬውን የሚነክስበት ጠርዝ ውስጡ ሽቦ፣ ላዩ ጎማ የሆነ ቀለበት ነው፤ ቀዳዳው 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለእንስራ ማቶት (ማስቀመጫ) ልክ። ጎማውን አንድ ጣት ያህል ከጠርዙ ትቶ መቁረጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በሴራሚክ ወለል ላይ አይንሸራተትም፣ እንስራውንም አይጭርም። ከምድጃ የወረደ ድስት ግን እንዳታስቀምጡበት።

የትልቁ ጎማ ጠርዝ ሽቦ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዚህ ሥራ መጥፎ ጎኑም እሱ ነው። ጠንካራ ብረት ስለሆነ ቢላ አይነካውም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ማታ ማታ ያቃጥለዋል። የጎማ ጭስ ቤንዚን የተባለው ኬሚካል (ነዳጁ አይደለም) እና ሌሎች ካንሰር አምጪ ነገሮች አሉበት፤ ሌሊት ላይ ቦርከና ሸለቆ ውስጥ ነፋስ ሲጠፋ እዚያው ሠፈር ላይ ይተኛል። ለሻጩም አይጠቅመውም። የተቃጠለ ሽቦ ጥንካሬውን ያጣል፣ ለማሰሪያ ሽቦ እንጂ ለሌላ አይሆንም፣ ለቁራሌው ሲሸጥም እንደ ተራ ብረት ነው የሚመዘነው። ያላቃጠለው ሰው ጠርዙን ከነጎማው ቆርጦ ቀለበቱን ለአጥር፣ ለዛፍ ችግኝ መከላከያና ለበርሜል ማስቀመጫ ይሸጠዋል። ሱቁ ጀርባ ጥቁር የተቃጠለ መሬት ካያችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ የተቃጠለ ጎማ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ያልተለየ ጎማም አለበት።

የት ልግዛ ለሚል፣ ለአዋቂ ሰው በረባሶ ኮምቦልቻ ይሻላል፤ ጥሬው ጎማ እዚያ ስላለ ከሳልቫታዮው (ከአሮጌ ዕቃው ክምር) መሃል ራሳችሁ ጎማውን መርጣችሁ ማስቆረጥ ትችላላችሁ። ደሴ ላይ የሚሸጠው ተሠርቶ የመጣ ነው፤ ምርጫው ብዙ ነው፣ መለካት ግን የለም። ስታስቆርጡ ሁለት እግራችሁን ለየብቻ ካርቶን ላይ አስነድፉ፣ በልኩ ላይ ከፊት 1 ሳንቲ ሜትር አስጨምሩ፣ የተረከዙን ማሰሪያ ደግሞ ቆማችሁ እንጂ ተቀምጣችሁ አታስለኩ፤ እግር ሲቆም ይሰፋል። ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ እግራችሁም ያብጣል፣ ቆራጩም ቢላውን ስሎ ጨርሷል።